ያልቀዳሁት ቃል

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ሀዋ በእንዲህ ያለ ወሬ አምኜ አላውቅም። ወንዝ ዳር ጥላ አየን ብለው ሴቶች ውሃ መቅዳት የተዉ ጊዜ ጄሪካኔን አዝዬ ብቻዬን የወረድኩት እኔ ነኝ፣ ጎረቤቴ ደጄ ላይ እንቁላል ተቀበረብኝ ብላ ስትጮህ በእጄ ቆፍሬ አውጥቼ "የራስሽ ዶሮ የጣለችው ነው" ያልኳት እኔ ነኝ፣ የልጅ ልጄን ሰዓዳን ጅኒ አለባት ያሉትን ደግሞ አንድ በአንድ በራቸው ድረስ ሄጄ ተጣልቻቸዋለሁ። ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ። የተጣላኋቸው ሰዎች ሰምተው "አላልንሽም?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ይበሉ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው እል ነበር፣ ታምሜም ቢሆን ትኩሳት ነው እል ነበር፤ የሆነው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሰው ቁጭ ባለበት ነው።

መጀመሪያ ሰዓዳን እወቁልኝ። አስራ አምስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ምጡ ጠንቶ ታፍና ቆየች፣ ከዚያ ወዲህ እጅና እግሯ አይታዘዟትም፣ ምላሷም እንዲሁ። አእምሮዋ ግን ከኔም ከእናንተም ይበልጣል፣ አትቀየሙኝ። እናቷ ከድጃ፣ የኔ ልጅ ማለት ነው፣ ሰዓዳ አራት ዓመት ሲሆናት ዓረብ አገር ሄደች፣ እኔም እዚሁ መካነ ሰላም ከገበያው በላይ ባለችው የቆርቆሮ ቤቴ አሳደግኳት።

ታብሌቱን የላከችው ከድጃ ናት። ደሴ ለሕክምና ይዣት ስሄድ አንዲት ባለሙያ አሠራሩን አሳየችኝ። ፊቱ ላይ ሳጥን ሳጥን አለው፣ ስምንት በስምንት፣ በየሳጥኑ ሥዕል አለ፣ ሰዓዳ ሥዕሉን ስትነካው ታብሌቱ ቃሉን ይናገርላታል። የእንግሊዝኛውንና የዓረብኛውን ድምፅ ራሱ ይዞት መጥቷል፣ አማርኛው ግን መሬት ለመሬት የሚጎተት ቆርቆሮ ነው የሚመስለው፣ ሰዓዳ ስትሰማው ፊቷን አዞረች። ባለሙያዋም "እንግዲያውስ የቤት ሰው ይቅዳላት" አለች። የቤት ሰው እኔ ነኝ። ሳጥኗን ጠበቅ አድርገሽ ትይዣለሽ፣ ቀይ ነጥብ ሲበራ ትናገሪያለሽ፣ ስትለቂያት ተቀዳ። እኔ የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፣ ለዚህ ለዚህ ግን በቅቶኛል።

ጓዳ ገብቼ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ዝም በሉልኝ ብዬ ቀዳሁ፤ የቆርቆሮ ቤት ግን መች ዝም ይላል? "ውሃ" የሚለው ላይ ዶሮ ከኋላ ታሽካካለች። "አመመኝ" ላይ ሳሌ አለበት። "እፈልጋለሁ"ን የቀዳሁት ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማል። "ትምህርት ቤት" ላይ የባጃጅ ጡሩንባ አለ። እያንዳንዱን ቃል ዓይኔን ጨፍኜ በየትኛው ቀን እንደቀዳሁት እነግራችኋለሁ፣ ይህን ያዙልኝ። ስልሳ ሦስቱን ሞላሁና ታች ጥጉ ላይ አንዷ ቀረች፣ ሥዕል የላት፣ ድምፅ የላት፣ ነጭ። ለሚያስፈልግ ነገር ብዬ ነው የተውኳት።

እንግዲህ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ በኔ በአሮጊቷ ድምፅ ማውራት ጀመረች። ሰው ሳቀ፣ "ሰዓዳ በአንድ ቀን አረጀች" አለ። ይሳቅ፣ ሳቅ አያስቆጣኝም። የሚያስቆጣኝን ልንገራችሁ።

ሱቅ እንሄዳለን። ሰዓዳ ዊልቸሯ ላይ ሆና፣ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፈልጋ ፈልጋ "ሳሙና" ትላለች። ባለሱቁ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል።

"ምን ፈለገች፣ እማማ?"

"ጆሮህ የት ሄዶ ነው? ነገረችህ እኮ!"

"አይ፣ ማሽኑ ነው የተናገረው ብዬ ነው።"

"አንተ በስልክ ስታወራስ ስልኩ ነው የሚናገረው?"

ሳሙናውን ያወጣል፣ አውጥቶም ለኔ ይሰጠኛል። ፈላጊዋ እሷ፣ ተቀባይዋ እኔ። ገበያ ስንወጣ ደግሞ ፀሐይ መስታወቱን ስትመታው ሥዕሉ አይታይም፣ ሻርፔን ድንኳን አድርጌላት ስቆም ሰው "አሮጊቷ ምን ልትሸጥ ነው?" ይላል። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ሰዓዳ ሁለት ቀን ዝም አለች ማለት ነው፣ እስቲ አስቡት፣ የእናንተን ምላስ መብራት ኃይል ሲያበራው ሲያጠፋው! ትምህርት ቤት አንድ መምህር ስልክ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው ብለው ታብሌቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባት። ሄድኩ፣ "መምህር፣ ነገ ሲመጡ እርስዎም ምላስዎን ቢሮ ቆልፈው ይግቡና ያስተምሩ" አልኳቸው። መለሱላት፣ ግን ተኮሳትረው ነው።

አንዳንዴም እጇ ይሸራተታል፣ "ሻይ" ልትል ብላ "ሽንት ቤት" ትላለች፣ እንግዳ ሁሉ ብድግ ይላል፣ እሷም እኔም እንግዳውም እስኪበቃን እንስቃለን። ጨዋታም ታውቃለች። አንድ ቀን ቤት ሞልቶ እኔ ስለ ቀበሌው ስጮህ፣ ቀስ ብላ "እማማ" የሚለውን ነካች፣ አስከትላ "ራሴን አመመኝ" የሚለውን። በኔው ድምፅ እኔን! ጎረቤቴ ዘነበች ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን አለመጠበቃቸው ነው። ሰዓዳ ሦስት ቃል ለማገናኘት ጊዜ ይወስድባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሰው አይጠብቅም። "ራበሽ? አዎ? አይደለም? በረደሽ? አዎ? አይደለም?" ይላታል፣ መርማሪ ፖሊስ ይመስል። ከተወለደች ጀምሮ ጥያቄ እየመለሰች ነው የኖረችው፣ የራሷን ወሬ አምጥታ አታውቅም። እኔ ታዲያ እጄን አነሳና "ጠብቋት!" እላለሁ። በየሄድንበት ቃሌ ይህች ብቻ ናት፣ "ጠብቋት!" መንደሩ "ጠብቋት መጣች" ብሎ እስከሚጠራኝ ድረስ።

ባለፈው ዓመት ከድጃ ከዓረብ አገር ተመለሰች። ደሴ ቤት ተከራየች፣ የልብስ ስፌት ጀመረች፣ ዘንድሮ በሰኔ መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጣች። ዝናቡ ዘግይቶ ነበር፣ መሬቱ አቧራ ብቻ ነው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተናገረች።

"እማ፣ ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት።"

"የማንን ልጅ?"

"የኔን።"

"አስር ዓመት ሙሉ ስትታቀፍ፣ ስትታጠብ የማን ነበረች?"

"ያንቺ። ወላሂ አልካድኩም። እኔ እዚያ የሰው ልጅ ሳጥብ አንቺ የኔን ታጥቢልኝ ነበር።" እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። "ግን ደሴ እንደሷ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ክፍል አለ። በታብሌት ነው የሚያወሩት፣ እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ብታይ እኮ ትገረሚያለሽ! መምህሯ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።"

"እኔስ አልጠብቃትም?"

"ትጠብቂያታለሽ። አንቺ ብቻ።"

ይህ ነገር አቃጠለኝ፣ እውነት ስለሆነ ነው ያቃጠለኝ። ተነሳሁና በሩን ይዤ ቆምኩ። "ማንም ስለሷ አይወስንም፣ አንቺም እኔም። ሽማግሌ ይቀመጥና እሷ ትጠየቅ፣ ያለችው ይሁን" አልኩ። ከድጃ ተስማማች። ዘነበች በአጥር ላይ ሆና "ሀዋን በፍትሕ ማን ይደርስባታል!" አለች። እኔም ደስ አለኝ።

አሁን ግን ከሽማግሌው ሁለት ቀን በፊት የሆነውን ልንገራችሁ፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ሰዓዳ ጠራችኝ፣ "እማማ" አለች በድምፄ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጣቴን ይዛ ነጯ ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በሩን አየች፣ ከበሩ ወዲያ ወደ መናኸሪያው የሚወርደውን መንገድ አየች፣ ከዚያ እኔን።

"ውሃ ፈለግሽ?"

"አይደለም።"

"ደጅ ላውጣሽ?"

"አይደለም።"

ጣቴን እንደገና ወሰደችው፣ ነጯ ላይ ጫነችው፣ መንገዱን አየች። ልጅቱ ቃል እየለመነችኝ ነው፣ መሄድ የሚል ቃል። ስልሳ ሦስት ቃል ስቀዳ "መጣሁ" አለ፣ "ተኛሁ" አለ፣ "አመሰግናለሁ" እንኳ በሦስት ዓይነት አለ፣ የሚሄድ ግን የለም፣ ወዴት ትሄዳለች ብዬ። "አልገባኝም ልጄ" አልኳት።

ገብቶኝ ነበር።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ "ተናድጃለሁ" የሚለውን ነካች፣ ሦስት ጊዜ አከታትላ፣ የራሴ ድምፅ በራሴ ቤት ተቆጣኝ። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው ነገሩ። ምስር እየለቀምኩ ነበር፣ ታብሌቱ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ሰዓዳ ተኝታለች፣ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ መጣ ብዬ የተሰጣውን ልብስ ለመሰብሰብ ሮጥኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አቧራው እንዳለ ነው። ስመለስ ድምፁ የለም። ጆሮዬ ነው አልኩ፣ እድሜ ነው አልኩ። በማግስቱ መብራት ጠፋ፣ የታብሌቱ ባትሪም አለቀ፣ ድንጋይ ሆኖ ነው የተቀመጠው፣ ታዲያ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከሩቅ ዱም፣ ዱም ሲል ሰማሁ። ሁለት ይመታል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ሁለት ይመታል። ወደ አጥሩ ሄድኩ።

"ዘነበች! በርበሬ ነው የምትወቅጪው?"

"ምን በርበሬ? ወፍጮ ቤት አይደል እንዴ የማስፈጨው፣ ሙቀጫ ከሸጥኩ ስንት ዘመኔ! ምነው ሀዋ፣ ጎመጀሽ?"

ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ገብቼ ታብሌቱን አነሳሁት። ጥቁር ነው፣ ሞቷል። ታች ጥጉ ላይ ግን፣ ነጯ ሳጥን በምትሆንበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ አለች። ቆርቆሮውን ቀና ብዬ አየሁ፣ አያፈስም፣ ደግሞስ ምን ዘንቦ ያፈሳል? በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኋት። እመኑኝ፣ አልፈራሁም፣ ያኔ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ በቤቴ ውስጥ ሳላውቀው የሚሆን ነገር አልወድም።

የሽማግሌው ቀን ደረሰ። መብራት መጥቶ ነበር፣ ታብሌቱን ሞልቼዋለሁ። ሸህ እንድሪስ መጡ፣ በከዘራቸው፤ ወደ ወግዲ ያለው የትውልድ መንደሬ ሰው ናቸው፣ እኔ ልጅ ሳለሁ እሳቸው ጎረምሳ ነበሩ። ዘነበች መጣች፣ ከድጃ አለች፣ ሰዓዳ መሃል ላይ በዊልቸሯ። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉና "ሀዋ፣ አንቺ ታውቂያታለሽ፣ አንቺው ጠይቂያት" አሉኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሰው ሁሉ አዎና አይደለም ብቻ ጠየቃት ብዬ መንደሩን ያመስኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት።

"ሰዓዳ፣ እማማን ትወጃታለሽ?"

"አዎ።"

"ከእማማ ጋር መኖር ደስ ይልሻል?"

ትንሽ ዘገየች። "አዎ።"

"ያው፣ ሰማችሁ" አልኩና እጄን አራገፍኩ።

ከድጃ ብድግ አለች። "እማ፣ ይሄ ምን ጥያቄ ነው? ደሴ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ በያት እንጂ!"

"ተጠየቀች፣ መለሰች።"

"ሸህዬ፣ ፍረዱኝ፣ ይሄ ፍርድ ነው?"

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ዘነበች፣ "እጇን እያነሳች ነው።"

"ደክሟታል፣ በቃ፣ ወደ ውስጥ ላስገባት" ብዬ ዊልቸሩን ያዝኩ።

"ሀዋ!" አለች ዘነበች፣ ሳትስቅ፣ "አንቺ አይደለሽ ጠብቋት የምትይው?"

እጄን ከዊልቸሩ አነሳሁ።

ጠበቅን። የሰዓዳ እጅ ከአዎ ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ በ"እማዬ" ላይ አለፈ፣ በ"እፈልጋለሁ" ላይ አለፈ፣ ቁልቁል ወደ ጥጉ ወረደ። "እዚያ ምንም የለም ልጄ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ነጯን ሳጥን ነካች።

መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው። ደጁ ፀሐይ ነው፣ እኛ ዘንድ አንዲት ጠብታ የለችም፣ ከታብሌቱ ግን ዝናብ ይዘንባል፤ ታዲያ የቆርቆሮ ዝናብ አይደለም፣ አይደበድብም፣ ለስላሳ ነው፣ ሽሽሽ ይላል፣ በሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ከሣር ቤት ከወጣሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። ከዝናቡ ኋላ ሙቀጫ መጣ፣ ዱም፣ ዱም፣ ያርፋል፣ ዱም፣ ዱም። ከዚያ ድምፄ፦

"ልሂድ ተይኝ። እመለሳለሁ፣ ወላሂ እመለሳለሁ።"

ድምፁ የኔ ነው፣ ሳል ግን የለበትም፣ ጥርሱም አልጎደለም።

ከድጃ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "እማ! አንቺው ቀድተሽላታል! ወይኔ፣ እኔ ደግሞ ክፉ ጠርጥሬሽ! አፉ በይኝ!" ትስመኛለች፣ ታለቅሳለች። ዘነበች እልልታዋን ለቀቀችው፣ "ፍትሕ ማለት ይህች ናት፣ በአፏ የማትፈልገውን በእጇ ቀድታ ሰጠቻት!" ትላለች። እኔ መሃላቸው ግንድ ሆኜ ቆሜአለሁ። ምን ልበል? አልቀዳሁትም ብል፣ ልጅቱ ስትለምነኝ አልገባኝም እንዳልኳት መናገሬ ነው። ዝም አልኩ። ላላደረግሁት ነገር የመጣውን ምስጋና ዋጥኩት። ስለ ፍትሕ ስጮህ ኖሬ፣ በዚያች ቀን የሰው ውዳሴ ሰረቅሁ።

ሸህ እንድሪስ ብቻ አልተደሰቱም። ጆሯቸውን ወደ ታብሌቱ አስጠግተው "ማነው የሚወቅጠው?" አሉ።

"ማንም አይወቅጥም ሸህዬ" አለች ዘነበች።

"አሁን ሰማሁ እኮ።"

እኔ ማን እንደሚወቅጥ አውቃለሁ። አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አራተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፣ አምስተኛ በኛ መንደር የለም፣ መካነ ሰላም ዘመድ ዘንድ ተቀምጬ መማር ነበረብኝ። ክረምት ነው፣ እናቴ የሣር ቤታችን ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ገብስ ትወቅጣለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያንኑ ቃል አልኳት፣ አንድም ሳይጨመር ሳይቀነስ። አልመለሰችልኝም፣ አልዞረችም፣ መውቀጧንም አላቆመችም። እናቴ ዘነዘናዋን የምታስቀምጠው ልትናገር ስትል ብቻ ነበር፣ ስለዚህ እስክታስቀምጠው ጠበቅኳት። እግሬ እስኪዝል ጠበቅኳት። ከዚያ ገባሁና ሌላውን ዘነዘና አነሳሁ። ዳግመኛ አልጠየቅኳትም፣ ለሰውም አልተናገርኩም፣ እሷም ከሞተች ስንት ዘመኗ። ያኔ በቤታችን ድምፅ የሚቀዳ ነገር ቀርቶ ሬዲዮም አልነበረም።

ሸህ እንድሪስን እስከ ደጅ ሸኘኋቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ሁለት መትታ አንድ የምታርፍ ሴት አንዲት ብቻ አውቃለሁ" አሉኝ።

"ማናት ሸህዬ?"

"አላህ ይዘንላት" አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አንስተውብኝ አያውቁም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኳቸውም።

በማግስቱ ታብሌቱን ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ገባ፣ ወጣ፣ ነካካ። "እማማ፣ ይቺ ሳጥን ምንም የለባትም" አለኝ።

"ተሰርዞ ከሆነስ?"

"ቢሰረዝም የተቀዳበት ቀን ይቀራል። ይቺ ተቀድቶባት አያውቅም። ምን ነበር የነበረባት?"

"ምንም" አልኩና ተቀበልኩት።

ሰዓዳ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ተቀመጥን፣ እኔና እሷ ብቻ። "ዛሬ አንቺ ነሽ የምትመርጪው፣ እኔ ቀጂ ብቻ ነኝ" አልኳት። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ፣ እሷ አዎ አይደለም እያለች፣ ወይም መንገዱን፣ እኔን፣ የራሷን ደረት እያየች፣ ሦስቱንም "አመሰግናለሁ" አስጠፋችኝ፣ "ጎበዝ ልጅ ነኝ" የሚለውንም አስጠፋችኝ፣ በቦታቸው "እሄዳለሁ" ቀዳሁ፣ "አልፈልግም" ቀዳሁ፣ "ዝም በሉ" ቀዳሁ፣ "ጠብቁኝ" ቀዳሁ። "ጠብቁኝ" ላይ ድምፄ ተሰብሯል፣ ድገሚው አላለችኝም።

ነጯ ቀረች። ለራሴ አልኩ፣ ያን ቀን የተመሰገንኩበትን አሁን እውነት ላድርገው። ሳጥኗን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፣ ቀይ ነጥቡ በራ፣ "ልሂድ ተይኝ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለቀቅኩ። ሰዓዳ ነካችው። ሽሽሽ። ዱም፣ ዱም። ያርፋል። ዱም፣ ዱም። የኔ ድምፅ የለም።

ሰዓዳ አልደነገጠችም፣ ፀጉሬ የቆመው እኔ ነኝ። "ማናት ልጄ? ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?" አልኳት። በዓይኗ ሳጥኖቹን ሁሉ ዞረቻቸው፣ እጇን አነሳች፣ ወደ አንዱም ሳትወስደው መለሰችው። ለዚያ የሚሆን ቃል አልቀዳሁላትም።

አሁን ደሴ ናት። ከድጃ በራሷ ድምፅ ብዙ ቃል ጨምራላታለች፣ ሁለታችንም አፏ ውስጥ ነን፣ ግማሹ እናት ግማሹ አያት። ክፍል ውስጥ ከአንዱ ልጅ ጋር በታብሌት ተሰዳድባ ደጅ ውጪ መባሏን ስሰማ ደስታዬን አልነግራችሁም። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፣ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እጠብቃታለሁ፣ ሦስት ቃል፣ አራት ቃል፣ የራሷን ወሬ ታመጣለች። ስትጨርስ ነጯን ሳጥን ትነካልኛለች፣ ለሷ የሁለታችን ጨዋታ ነው መሰለኝ። ዝናቡ ይመጣል፣ ዱም፣ ዱም ይላል፣ እሷ ትስቃለች፣ ከድጃ ከኋላ "ምንድን ነው እሱ የሚንኳኳው?" ትላለች። እኔ አልስቅም። እስኪያበቃ እሰማና "ደህና ዋይ ልጄ" እላለሁ።

ባለፈው ዓርብ እንደ ልማዷ ነካችው። ዝናቡ መጣ። ጠበቅሁ፣ ዝናቡ ብቻ ነው። ሙቀጫው የለም፣ ቆሟል። ሰዓዳም አልሳቀችም። ከዝናቡ ውስጥ እንጨት መሬት ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፣ ዘነዘና ግድግዳ ጋ ሲደገፍ እንዲህ ነው የሚለው፣ ከዚያ የምትዞር ሴት የቀሚስ ኮሽታ። ሰዓዳ "ጠብቁኝ" የሚለውን ስትነካው ሰማሁ፣ በኔ በተሰበረው ድምፅ፣ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ኔትወርክ የለም አለኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው።